ሰደቃው የተበላለት ሰው

ፖሊስ ቤት ሌባ ገባ ከተባለ የሐይቅ ከተማ ሰው ሦስት ቀን ይስቃል። ኢንስፔክተር ስህን ይህን ስለምታውቅ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነበር።

«ቀስ በል፣ ታረቀኝ።»

«ተሰርቀናል እኮ ነው የምልዎ!»

«ሰማሁ። አስፋልት ማዶ ዓሣ የሚጠብሱትም ሰምተዋል።»

ሳጅን ታረቀኝ የመዝገብ ክፍሉ ጠባቂ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ልቡ ግን እንደ ሕፃን። ጊዜው ጥር 2014 ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ ስትያዝ የድንበር ዘለል ወንጀል ምርመራ ክፍሉ ሰው ነፍሱን ይዞ ወጣ። ተለቃ ሲመለሱ በሩ ተገንጥሎ፣ ወረቀቱ እስከ አስፋልት ተበትኖ አገኙት። ለቅመው፣ አራግፈው፣ በቁጥር ደርድረው ገና መተንፈሳቸው ነበር።

«ስንተኛው ነው የጠፋው?»

«አርባ ሰባት። ሌላው ሁሉ አለ።»

ስህን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አርባ ሰባት የሙዘይን ቃል ነው።

ሙዘይን የውጫሌ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የአምባሰልንና የሐይቅን ወጣት እየሰበሰበ፣ ወደ ሳዑዲ በበረሃና በባሕር ለሚያሻግሩ ሰዎች ሲያስረክብ ኖሮ፣ በ2012 ራሱ መጥቶ ሁሉንም ዘረገፈ። በእሱ ቃል አሥራ አንድ ሰው ተያዘ። አለቃቸው ግን ባሕር ማዶ ቀረ፤ ዘመዶቹም እዚሁ አገር አሉ። ስለዚህ ስህን ሙዘይንን ገደለችው፤ በወሬ። «የመን ዳርቻ ጀልባ ተገልብጦ ሰጠመ» ተባለ፣ ተለቀሰ፣ ሰደቃ ወጣለት። ሰውየው ግን ኑርዬ ተብሎ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የመስኖ ሞተር ይጠብቃል። የፋይሉ ውስጥ ሽፋን ላይ ደግሞ በራሷ በስህን እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ኑርዬ፣ አርዲቦ» የሚል ከነስልክ ቁጥሩ ተጽፏል። የሰባት ቀን ፖሊስ የማይሠራውን ስህተት የአሥራ ሰባት ዓመት ልምድ ያላት መርማሪ ሠራችው። ያ ፋይል ያለበት እጅ የሰውየውን አንገት ይዟል ማለት ነው።

ተነስታ መደርደሪያውን አየች። ቁም ሳጥኑ ቁልፉ በጦርነቱ ስለተሰበረ በገመድ ነበር የሚታሰረው። ሌባው ፈትቶ፣ አውጥቶ፣ መልሶ አስሮታል፤ ያውም ከታረቀኝ አሳምሮ። የአርባ ሰባት ቦታ ላይ ቀይ ትቢያ አለ።

«ደም ነው!» አለ ታረቀኝ።

ስህን በጣቷ ነክታ አሸተተችና ሁለት ጊዜ አነጠሰች። «ደም አያስነጥስም። በርበሬ ነው፤ ኮረሪማ የገባበት። ወለሉን ማን ጠረገው?»

«እኔ አልጠረግሁም።»

«አውቃለሁ። ሰሞኑን ማን ገባ?»

«ሰኞ የጽዳት ዘመቻ ነበር። ከሐይቅም ከአጎራባቹም ሠላሳ ሴቶች መጥተው ግቢውን አጸዱልን።»

«ስማቸውን መዝግበሃል?»

ታረቀኝ ደረቱን ነፋ። «መጥረጊያውን መዝግቤያለሁ። ሠላሳ ወጣ፣ ሠላሳ ተመለሰ።»

*

የክፍሉ መኪና ከጦርነቱ ጋር አብራ ስለሄደች ስህን እስከ ዳገቱ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች። አርዲቦ ጥርት ብሎ ተኝቷል። ዳር ዳሩን ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኗል። የውሃ ሞተሩ ዱፍ ዱፍ ይላል። ከጎኑ ሻሽ የጠመጠመ ቀጭን ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ኑርዬ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ‹አያ› ካልሺኝ ነገር አለ።»

ነገረችው። ፊቱ አልተለወጠም።

«መሪማ እንዴት ናት?» አለ።

«ስለ ነፍስህ እኮ ነው የምነግርህ!»

«እኔም ስለ ነፍሴ ነው የጠየቅሁሽ።»

መሪማ ሚስቱ ናት። ከአርዲቦ ውጫሌ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለሞተ ሰው ግን ከየመንም ይርቃል። መጀመሪያ ስህን ጅማ ወስዳው ነበር። በአራተኛው ወር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመለሰ። ጅማ ምን ጎደለህ ስትለው «ተራራዬ» አላት። ሰማይ ሲጠራ ከዚህ ሽንኩርት መደብ ላይ የአምባሰል ተራራ ይታያል፤ ከዓመት በላይ ያንን ሲያይ ይውላል። ሞተር ጠባቂ አሉት እንጂ የሚጠብቀውስ ተራራ ነው።

ሲጀምር ክፉ አልነበረም፤ ሲጀምር ክፉ የሆነ ደላላ የለም። ውጫሌ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ልጆች ሐይቅ አድርሰን አሉት፣ አደረሰ። በሳምንቱ ስድስት ሆኑ። በዓመቱ ባጃጁን ሸጦ ጥቁር መነጽር ገዛ። ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ደግሞ ሁሉ ሲከፈት መንገዱም አብሮ ተከፈተ፤ ደላሎቹም ተለወጡ፣ ከሞተር ሳይክል ወደ ላንድክሩዘር። ሙዘይን ሠርግ ቤት ሲገባ ከሙሽራው በላይ ይዘፈንለት ነበር። ልጁ ሳዑዲ የገባለት አባት ይመርቀዋል፤ ያልገባለትስ ማንን ይጠይቅ? በረሃ መልስ አይሰጥም።

የሰበረው ማህዲ ነው፤ የመሪማ ታናሽ ወንድም። ሙዘይን «አንተስ አትሄዳትም» ብሎ ከልክሎት ነበር። ልጁ በሌላ ሰብሳቢ፣ በሌላ ስም ሾልኮ ሄደ። ከወር በኋላ ከየመን ዳርቻ ደወለ፤ «አያ ሙዘይን፣ የያዙኝ ያንተ ሰዎች ናቸው፤ ልቀቁት በላቸው።» ሙዘይንም አላቸው። ሳቁበት። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ዝም አለ። ሙዘይን ያን ጊዜ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ የስህን ቢሮ ገባና አርባ ቀን ተናገረ።

«ዛሬውኑ ከዚህ ትነሳለህ» አለችው ስህን አሁን።

«አልነሳም።»

«ሙዘይን!»

«አንዴ ‹ኑርዬ›፣ አንዴ ‹ሙዘይን›፤ ወስኚ እንጂ።» ፈገግ አለ፤ ቶሎ ጠፋበት እንጂ። «ደሞ አንድ ነገር አለ። ከማክሰኞ ጀምሮ የማላውቀው ቁጥር ይደውላል። ‹ኑርዬ ነኝ› እላለሁ። አይናገርም።»

«ትዘጋዋለህ?»

«አልዘጋውም። እሱም አይዘጋም። ይሰማኛል፣ እሰማዋለሁ። ከበስተኋላ ሙቀጫ ይወቀጣል።»

«ገዳይህ ሊሆን ይችላል እኮ!»

«በርበሬ እያስወቀጠ የሚገድል ሰው አላየሁም» አለና ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ።

ቁጥሩን ጻፈች። ታረቀኝ ሲያጣራው ማክሰኞ ዕለት የወጣ ሲም ካርድ ነው፤ የወጣበት ስም በገበያ መንገድ ላይ ሲም የሚያዞር ልጅ ስም። ይሄ እንግዲህ ከምንም አይቆጠርም።

*

ካሊድ በሙዘይን ቃል ከታሰሩት አሥራ አንዱ ዋነኛው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እስር ቤቱ ተከፈተና ወጣ። አክስቱ እመት ዑምኩልሱም ሐይቅ ከቴሌ ጀርባ ይኖራሉ። ስህን ታረቀኝን አስከትላ ስትገባ አሮጊቷ በሩ ላይ ቆሙ።

«ማንም የለም፣ ልጄ። ወላሂ እኔና ዶሮዎቼ ብቻ ነን።»

«ዶሮዎቹ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

አሮጊቷ ጭሱን አይተው «ያ ረቢ፣ ይሄ ልጅ!» ብለው ዘወር አሉላት።

ካሊድ ከማሽላ ጆንያ ጀርባ ተጋድሟል።

«እጅ ወደ ላይ!» ጮኸ ታረቀኝ።

«እጄስ ይነሳል። የማይነሳው እግሬ ነው።» ጋቢውን ገለጠ። ግራ እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጀሶ ነው። «ስንወጣ ከአይሱዙ ላይ ዘለልኩ። ታኅሣሥ ነው የታሸገው፤ ሐኪሙን ጠይቂ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት እንኳ አክስቴ ናቸው የሚደግፉኝ።»

«ሰኞ ዕለት ማንን ላክህ?»

«የት?»

«የሙዘይንን ፋይል ያወጣልህን ሰው።»

ካሊድ አፍጦ አያትና ሳቁ አመለጠው። «ሙዘይንን? ኢንስፔክተር፣ ሙዘይን እኮ ሞቷል። ሰደቃው ላይ ነበርኩ፤ የበላሁት ሥጋ እስካሁን ትዝ ይለኛል። የሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግልኛል? እኔን የያዛችሁኝ በእሱ ስልክ ነው፤ ይኸው ነው የማውቀው። አላህ ይርሐመው፣ ነፍሱን ይማር፤ ሲም ካርዱን ግን አይማረው።»

ስህን ዓይኑን መረመረች። ሥራዋ ነውና ውሸት ታውቃለች፤ ይሄ ውሸት አልነበረም። ታረቀኝን በር ላይ አቁማ፣ «እግርህ እስኪድን እዚህ ነህ፤ ሲድን ወደ መጣህበት» ብላው ወጣች።

መንገድ ላይ ጉዳዩን ገለባበጠችው። የካሊድ ሰዎች ሙዘይን ሞቷል ብለው ያምናሉ። ያመነ ሰው አይፈልግም። እንግዲህ ፋይሉን የወሰደው መሞቱን የተጠራጠረ ሰው ነው። ሞቱን ያወጀችው እሷ ራሷ ስትሆን፣ ያንን ማን በምን ይጠረጥራል? የፋይሉን ቁጥርስ በምን ያውቃል? ደግሞም ሠላሳ ሴቶች እንጂ ወንድ አልገባም። ሰብሳቢዎቹ ሴት ልከውም ይሆናል። ወይም ደግሞ…

«ወይም ደግሞ» ያለችውን አልጨረሰችም። የውጫሌን ሚኒባስ ተሳፈረች።

*

ውጫሌ የገበያ ቀን ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ቅመም ቤት አለ፤ የአሕመዲን ነው። አሕመዲን አርባ ያልሞላው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ለሁሉ ሰው ትንሽ ትንሽ የሚጨምር ነጋዴ ነው። ስህን የበርበሬውን ሽታ ከበሩ አወቀችው፤ ኮረሪማው እንኳ ያው ነው።

«ግማሽ ኪሎ መዝንልኝ።»

መዘነ። ከጎኑ ካለው ክምር አንድ ወረቀት አንስቶ ጠቀለለላት። ወረቀቱ ላይ የክፍሏ ማኅተም ነበር።

ስህን መታወቂያዋን አወጣች። «ይሄን ከየት አመጣኸው?»

አሕመዲን ደነገጠ። «ኧረ በአላህ! በኪሎ ነው የገዛሁት። ከተማው እንደተለቀቀ አንድ ጋሪ ነጂ ‹ወረቀት፣ ወረቀት› እያለ መጣ። ላስቲክ በጠፋበት ጊዜ ወረቀት ሲመጣ ማን ያነበዋል?»

«ሰኞ የት ነበርክ?»

«ደሴ። ዕቃ ላመጣ። ኮምቦልቻም አደርኩ። ሹፌሩን ጠይቂ፣ ጅምላ ሻጩን ጠይቂ፤ በመንገድ ላይ ያስመለሰብኝን ልጅ እናቱን ጠይቂ።»

ሹፌሩ እዚያው መናኸሪያ ስለነበር ጠየቀችው። እውነት ነው፤ ልጁ ማስመለሱም ጭምር። ስህን ክምሩን ገጽ በገጽ አገላበጠች። እሷና ታረቀኝ ፋይሎቹን ሲቆጥሩ ገጾቹን አልቆጠሩም ነበር ለካ። ከስምንት ፋይሎች የተገነጠለ አለ። የአርባ ሰባት ግን አንድም የለም።

«በርበሬ ከዚህ ክምር ጠቅልለህ የሸጥክለት ሰው ብዙ ነው?»

«ገበያው ሁሉ። ምርጡን ግን ለቤት ነው የላክሁት።» ሰውየው አፈር ብሎ ፈገግ አለ። «የፊታችን ዓርብ ኒካሐችን ነው። ድልሁ እዚያ ቤት እንዲሠራ በርበሬውንም ቅመሙንም በየፈርጁ ጠቅልዬ ላክሁላቸው።»

«ማንን ነው የምታገባው?»

«መሪማን። የሙዘይንን… የሟቹን ሚስት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሙዘይን፣ አላህ ይርሐመው፣ ጓደኛዬ ነበር። በአደራ ነው የምይዛት፤ ወላሂ በአደራ።»

ስህን በርበሬዋን ረስታ ወጣች።

*

የመሪማ እናት እመት ዙለይሃ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ግድግዳው ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ያለው ችንካር ላይ፣ አንድ ያረጀ ስልክ በክር ተንጠልጥሏል።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማነሽ? ዓይኔ ደከመ። እህ፣ ፖሊሷ! ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። እስኪ አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ኔትወርኩ ተመልሷል ይላሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከሳዑዲም ያስገባል?»

«ያስገባል።»

«እንግዲያ ማህዲ ይደውላላ።» አሮጊቷ ስልኩን ዳሰሱት። «ያን ሁሉ ጊዜ መብራት ሲጠፋ በሰው ሶላር ነበር የማስሞላው። አንድ ቀን ሳትሞላ ብትውል፣ ያን ቀን ቢደውልስ?»

ስህን ማህዲ መሞቱን የምታውቀው ከሙዘይን ቃል ነው። ያንን መናገር ሙዘይንን ማጋለጥ ስለነበር ሁለት ዓመት ዝም አለች። የአንዱን ሞት ዋሽታ አወጀች፤ የሌላውን እውነተኛ ሞት ደበቀች። በአንድ ቤት ሁለቱንም።

ከጓሮ ሙቀጫ ይወቀጣል። ዱም፣ ዱም።

መሪማ ዘነዘናውን አስቀምጣ ቀና አለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ረጅም ናት፣ ዝምታዋም ረጅም ነው። ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። ስህን እጇን አየች። ሠርጓ አምስት ቀን የቀራት ሴት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንሶስላ እየወቀጠ ሊያስርላት በሚሻማበት ሰዓት፣ እጇ ከበርበሬ በቀር ቀለም አልነካውም። ጥፍሯ ነጭ ነው።

«እንሶስላ አልሞቅሽም?»

«ለማን ብዬ?» አለች መሪማ።

ያንን ብላ ዓይኗን አልሰበረችም። ስህንም ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«የት አለ?»

መሪማ ገባች። ከጤፍ ጎታው ሥር ፋይሉን አውጥታ አመጣችው። በላዩ ላይ አንድ የተጨማደደ፣ በበርበሬ የቀላ ገጽ አለ፤ ከላይ «መዝገብ ቁጥር 47»፣ ከታች ፊርማ።

«በርበሬውን ስገለብጥ መጀመሪያ ያየሁት ፊርማውን ነው። ከታች ሦስት ነጥብ ያደርጋል። የኒካሕ ወረቀታችንም ላይ አድርጓል፤ ቃዲው ‹ይሄ ምንድነው› ብለው ስቀውበት ነበር። ከዚያ ቀኑን አየሁ። ሰኔ ስምንት።» ድምጿ ዝቅ አለ፤ እናቷ እንዳይሰሙ። «አንቺ መጥተሽ ሞተ ያልሽኝ ሚያዝያ ላይ ነው። የሞተ ሰው በሰኔ ይፈርማል?»

«መሪማ…»

«አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ተቀመጥኩ። አልተኳልኩም፣ ሽቶ አልነካሁም፣ ከደጅ አልወጣሁም፤ ባሌ በሕይወት እያለ! ዓርብ ደግሞ ኒካሕ ላስር ነበር። በባል ላይ ባል! ሐራም መሆኑን አንቺ አታውቂም፣ እሺ። የምትጠይቂው ሰው አጣሽ?»

ስህን እውነቱን ተናገረች። «አላሰብኩትም። ነፍሱን ላድን ነበር።»

«ሰደቃውን በልተሽ እኮ ነው የሄድሽ። ሁለት ጊዜ ጨምረንልሻል።»

እንዲህ ያለ ቡጢ አካዳሚ ላይ አያስተምሩም።

«የምትደውይለት አንቺ ነሽ?»

«ኑርዬ ነኝ ይላል። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ልናገር አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ ማህዲ ትዝ ይለኛል።» ፋይሉን ዳበሰች። «ቀሪውን ፍለጋ ከጽዳት ሴቶቹ ጋር ገባሁ፤ አንብቤዋለሁ። ሁሉንም። ስንቱን ልጅ እንደወሰደ፤ ወንድሜንም እነማን እንደጨረሱት። ያ ሁሉ ጫማ፣ ያ ሁሉ ሽርጥ ሲያመጣልኝ ‹በአይሱዙ ንግድ ነው› ይለኝ ነበር። እኔም ለብሼዋለሁ። ይኸው እናቴ ደጅ ተቀምጣ ስልክ ትጠብቃለች። እኔ እየወቀጥሁ ነው የማለቅሰው፤ በርበሬ ነው ብዬ።»

ከደጅ አሮጊቷ «መሪማ፣ ስልኩ ጠራ እንዴ?» አሉ።

«አልጠራም፣ እማ! አብሽሪ!»

ከዚያ ወደ ስህን ዞረች። «ልታስሪኝ ትችያለሽ። ግን አስቀድመሽ ውሰጂኝ።»

*

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለቱ ሴቶች የአርዲቦን ዳገት ወጡ። ሞተሩ ዱፍ ዱፍ ይላል። ሙዘይን ቦይ እየጠረገ ነበር፤ ቀና ሲል አያት። አካፋው ከእጁ ወደቀ። ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። የሐይቁ ዝምታ እንደዚያን ቀን ጆሮ ሞልቶ አያውቅም።

አሥር እርምጃ ያህል ሲቀር መሪማ ቆመች። እሱም አልተጠጋም።

«ከሳህ» አለች።

«አንቺ ነበርሽ የምትደውይው። ሙቀጫውን አውቄው ነበር።»

«ካወቅህ ለምን አልተናገርክም?»

«የምትዘጊው መሰለኝ።»

ስህን ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ጆሮዋን ግን ማዞር አልቻለችም።

«ማህዲ የት ተቀበረ?»

«ባሕሩ ዳር፣ አሸዋ ውስጥ። የሸሸ ልጅ ነገረኝ። ድንጋይ አድርገውበታል። ስሙን የሚጽፍ አልነበረም።»

መሪማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች። ስታወርደው ፊቷ ደርቋል።

«ፍታኝ።»

ሙዘይን እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ግን አንድ ጊዜ ብቻ በል» አለች። «ሦስቱን አትጨርሰው። አንድ። ፖሊሷ ትስማ።»

ያኔ ገባው። ስህን ግን አልገባትም፤ ዘወር ብላ አየቻቸው። መሪማ አስረዳቻት፤ ዓይኗ ግን ከእሱ አልተነሳም። «በአንዱ ከሆነ እንደገና ዒዳ እቀመጣለሁ፤ ሦስት ወር ነው። እሱ እስኪያልቅ ባል ከፈለገ ሚስቱን ይመልሳል። ካለቀ አለቀ፤ ለአሕመዲንም ቁርጡን እነግረዋለሁ። ሐቁ ነው፤ ሁለቴ አይዋሽበትም።»

«መሪማዬ…»

«አላለቀም። መመለስ ከፈለግህ በደጄ ትመጣለህ። በቀን። በስምህ። በኑርዬ አላውቅህም። የማህዲንም ለእናቴ አንተ ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግራትም።»

«ስሜ ከተሰማ ሰዎቹ ይገድሉኛል፣ መሪማ።»

«አንዴ ሞተሃል እኮ፤ ሰደቃህን በልተናል» አለች። ቀልድ ነበር፤ ድምጿ ግን መሐሉ ላይ ተሰበረ። «ዒዳዬ ለዒድ አልፊጥር ገደማ ነው የሚያልቅ። ዋዜማውን እንሶስላ እሞቃለሁ። ለማን እንደሞቅሁት ያኔ ይታወቃል።»

ሙዘይን አምባሰልን አየ። ከዚያ እንደ ድንጋይ የከበደችውን ቃል አንዴ ብቻ ተናገራት። መሪማ ራሷን ነቀነቀችና ቁልቁለቱን ወረደች። አንድም ጊዜ አልዞረችም፤ ስህን ከኋላዋ ስለነበረች ግን ትከሻዋን አየች።

ያን ከሰዓት የአርባ ሰባት ፋይል ከመደርደሪያው ጀርባ ተገኘ ተብሎ ተመዘገበ። ታረቀኝ «እዚያማ ሦስት ጊዜ ፈልጌያለሁ!» ብሎ ማለ። ስህን «መጥረጊያ ቁጠር ያለህ ማነው?» ብላ ዝም አሰኘችው።

*

ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። አሕመዲን ቁርጡን ሲሰማ «የገዛ በርበሬዬ!» ብሎ ሱቁን አንድ ቀን ዘጋ፤ በማግሥቱ ከፈተ፤ በላስቲክ መጠቅለል ጀመረ። የካሊድ እግር ዳነና ወደ መጣበት ተመለሰ። ባሕር ማዶ ያለው አለቃ ግን አልተያዘም፤ ዘመዶቹም በገበያው መሐል እንደማንም ይመላለሳሉ። ረመዳን ገባ። ስህን አርዲቦ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሙዘይን ሞተሩን ይጠብቃል፣ ተራራውን ያያል፣ ስለ ምንም አይናገርም። ስልኩም ዝም ብሏል።

የዒድ ለት ማለዳ ስህን ውጫሌ ለጥበቃ ተመደበች። ማንም አልመደባትም፤ ራሷ ናት የተመደበችው። እነመሪማ በር ፊት ለፊት፣ ከግንቡ ጥግ ቆመች። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ተክቢራ እያለ ወደ ሶላቱ ሜዳ ይጎርፋል። ሕፃናቱ ሁሉ እጃቸው ቀይ ነው።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ከሐይቅ መጣ። አምስት ሰዎች ወረዱ። አምስተኛው ሻሽ አልጠመጠመም፤ ፊቱን አልሸፈነም። አንዲት ሽንኩርት የምትደረድር ሴት አየችውና እጇ አየር ላይ ቀረ። አንድ ሽማግሌ «ቢስሚላህ» ብለው መንገድ ለቀቁ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሲሮጥ ስህን በዓይኗ አየችው። እጇን ሽጉጧ ላይ አድርጋ ጣሪያውን፣ ጥጉን፣ ባጃጆቹን ቃኘች።

በሩ ላይ ቆመ። አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ እመት ዙለይሃ ከውስጥ።

ሁለት ዓመት «ኑርዬ ነኝ» ሲል የኖረው አፉ የገዛ ስሙን ጠራ።

«ሙዘይን ነኝ፣ እማማ። የማህዲን ነገር ልነግርዎ መጣሁ።»

ውስጥ ጸጥ አለ። የተንጠለጠለው ስልክ ከግድግዳው ሲወርድ፣ ክሩ ችንካሩን ሲለቅ፣ ስህን የሰማች መሰላት። ሙዘይን ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

ከዚያ የመሪማ ድምፅ መጣ፤ ቅርብ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ማዶ ብቻ።

«እንሶስላው ገና አልተፈታም። ሁለቱም እጄ በጉሎ ቅጠል ታስሯል፤ መክፈት አልችልም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልተቆለፈም። ግፋው።»